ልጅ፣ ጉዲፈቻ ወይስ ሞክሼ? የአንድ የላቲን ቅጽል ዘር አቆጣጠር፣ ደረጃ በደረጃ

ማታ ማታ ጣልያንኛ አስተምራለሁ። አዲስ ክፍል በተጀመረ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። ሰሌዳው ላይ «ፍሬዶ፦ ቀዝቃዛ» ብዬ ስጽፍ ከኋላ አንድ እጅ ይወጣል። «ከኛ ፍሪጅ ጋር ይገናኛል እንዴ?» ፈረንሳይኛ የጀመረ ተማሪ ካለ «ፍሯ የሚሉትስ?» ይላል። በስልኩ ስፓኒሽ የሚማረው ደግሞ «ፍሪዮ የሚሉትስ?» ብሎ ይጨምራል።

«አዎ፣ ዘመዳሞች ናቸው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን በዚያ መልስ ማንም ሰው ነገ ሌላ ቃል ሲገጥመው ራሱ ሊያወጣው አይችልም። ዘመድም ዓይነት አለው። የሆድ ልጅ አለ፣ ጉዲፈቻ አለ፣ የወንድም ልጅ አለ። ምንም ሥጋ ዝምድና ሳይኖረው ስሙ ብቻ የገጠመ ሞክሼም አለ። በዚህ መመሪያ አንድ የላቲን ቅጽል ይዛችሁ፣ ሰባት ቤት እንደሚቆጥር ሰው ከምንጩ ተነሥታችሁ እስከ ልጅ ልጆቹ ትወርዳላችሁ። እያንዳንዱንም በየቦታው ታስቀምጣላችሁ።

የምንሠራበት ቃል «ፍሪጊዱስ» ነው። ትርጉሙ «ቀዝቃዛ» ማለት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ኤፍ፣ አር፣ አይ፣ ጂ፣ አይ፣ ዲ፣ ዩ፣ ኤስ ነው። ላቲን ቀድማችሁ መማር የለባችሁም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ መስመር ደብተር። ለአንድ ቃል ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ገጾች ይበቃሉ።
- እርሳስ፣ ላጲስና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ።
- የአናባቢን ርዝመት የሚያሳይ የላቲን መዝገበ ቃላት። ሉዊስና ሾርት የሚባለው የ1879ኙ የላቲን እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል።
- ቢያንስ የሁለት የላቲን ልጅ ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት። ጣልያንኛና ስፓኒሽ ለጀማሪ ይቀላሉ። ፈረንሳይኛ ሦስተኛ ቢሆን ይሻላል፤ ድምፁ ብዙ ርቋልና።
- ዊክሽነሪ፣ ማንም ሊጽፍበት የሚችል የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት። ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አትመኑት።
- ሳትቋረጡ የምትሠሩበት ሁለት ሰዓት ያህል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጥንቃቄ። እኔ እዚህ ሁሉንም በግእዝ ፊደል ነው የምጽፈው። እናንተ ደብተራችሁ ላይ በላቲን ፊደል ጻፉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ብለን ጽፈን «ተናገረ» እና «ይገኛል» የሚለውን የምንለየው በንባብ ነው። በዚህ ሥራ ግን የጠበቀ ፊደል ዋና ማስረጃ ይሆናል። የጣልያንኛው «ፍሬዶ» ላይ «ዶ» ጠብቆ ነው የሚነበበው፤ ሲጻፍም ዲ ሁለት ጊዜ ይደገማል። ይህን ካላያችሁ ግማሹ ታሪክ ያመልጣችኋል።

ደረጃ 1፦ ቃሉን በሦስት መልኩ ጻፉ

የላቲን መዝገበ ቃላት ቅጽልን በወንዱ መልክ ያስቀምጥና የሁለቱን መጨረሻ ብቻ ይጠቁማል። እናንተ ሙሉውን አውጥታችሁ ጻፉት፦ ፍሪጊዱስ (ለወንድ)፣ ፍሪጊዳ (ለሴት)፣ ፍሪጊዱም (ወንድም ሴትም ላልሆነው ጾታ)።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከግእዝ የወረስነውን አስቡ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ቅድስት አርሴማ፣ ቅዱሳን ሐዋርያት። ቅጽሉ ከስሙ ጋር አብሮ ይለወጣል። ላቲንም እንዲሁ ነው። «አኳ»፣ ማለትም ውሃ፣ ሴት ስለሆነች ቀዝቃዛ ውሃ «አኳ ፍሪጊዳ» ትባላለች። ሮማውያን «አኳ»ን ትተው «ፍሪጊዳ» ብቻም ይሉ ነበር። ሱቅ ሄደን «ቀዝቃዛ አለ?» እንደምንለው ማለት ነው።

ይህ ደረጃ ለምን ያስፈልጋል? ኋላ ላይ ከወንዱ የተደበቀውን ድምፅ ሴቷ ታወጣዋለች። ደረጃ 5 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 2፦ የአናባቢዎቹን ርዝመት ምልክት አድርጉ

መዝገበ ቃላቱ ላይ አናባቢው ራስ ላይ ቀጥ ያለ ሰረዝ ካለ ረጅም ነው። እንደ ጎድጓዳ ሳህን የታጠፈ ምልክት ካለ አጭር ነው። ፍሪጊዱስ ላይ የመጀመሪያው አይ ረጅም ነው፤ ሁለተኛው አጭር ነው።

ሁለቱንም በቀለም አስምሩባቸው። ምክንያት አለኝ፦

ሀ. ከመጨረሻው ቀድሞ ያለው ቀለም (አንድ አናባቢ የያዘ የቃሉ ክፍል) አጭር ከሆነ ላቲን ጉልበቱን አንድ ወደ ኋላ ይወስዳል። ስለዚህ ቃሉ የሚጠነክረው «ፍሪ» ላይ ነው። «ጊ» መሃል ላይ ደካማ ሆኖ ይቀራል። ደካማ ቀለም ደግሞ በጊዜ ብዛት ይበላል።

ለ. በጣልያንኛ፣ በስፓኒሽና በፈረንሳይኛ ረጅሙ አይ «ኢ» እንደሆነ ይዘልቃል። አጭሩ ግን ወደ «ኤ» ይለወጣል። ልጆቹን ስትመረምሩ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ነው።

ደረጃ 3፦ ቃሉን ፈልቅቁትና ወንድሞቹን ፈልጉ

መጀመሪያ አማርኛችንን እንይ። ቀዘቀዘ፣ ቀዝቃዛ፣ ቅዝቃዜ፣ ማቀዝቀዣ። አንድ ሥር ነው፤ ግሱ፣ ቅጽሉ፣ ስሙና የዕቃው ስም የወጡት ከዚያው ነው። በላቲንም ይኸንኑ ሥሩ፦

- ግሱ፦ ፍሪጌዮ («ቀዝቅዣለሁ»፣ «በርዶኛል»)፣ የግሱ መጠሪያ ፍሪጌሬ።
- ስሙ፦ ፍሪጉስ («ብርድ»፣ «ቅዝቃዜ»)።
- ቅጽሉ፦ ፍሪጊዱስ።

መጨረሻ ላይ ያለው «ኢዱስ» ከሁኔታ ግስ ቅጽል የሚያወጣ ቅጥያ ነው። ካሌዮ («ይሞቀኛል») ካሊዱስን («ሞቃት») ይሰጣል። ቲሜዮ («እፈራለሁ») ቲሚዱስን («ፈሪ») ይሰጣል። ቴፔዮ («ለብ ብያለሁ») ቴፒዱስን («ለብ ያለ») ይሰጣል። ሦስት አራት እንዲህ ያሉ ጥንዶች ደብተራችሁ ላይ አሰልፉ። ያኔ ቅጥያው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ሥሩ «ፍሪግ» ብቻ መሆኑም ይገለጣል።

ስሙን በሁለት መልኩ ጻፉት፦ ፍሪጉስ፣ ፍሪጎሪስ። ሁለተኛው የዘርፍ ቅርጹ ነው፤ «የብርድ» ማለት ነው። እሱ ላይ ብቻ «ፍሪጎር» የሚል ግንድ ብቅ ይላል። ይህን ያልጻፈ ሰው ፍሪጅ ላይ ሲደርስ ይጠፋዋል።

አሁን አንድ እርምጃ ወደ ላይ ውጡ። በጥንታዊ ግሪክ «ሪጎስ» የሚል ቃል አለ፤ ውርጭ፣ ብርድ ማለት ነው። ሊቃውንት ሁለቱን ቃላት የሚያወጡት በ«ስር» ድምፅ ከሚጀምር አንድ የጋራ ቅድመ አያት ነው። ላቲን ያንን መነሻ ወደ «ፍር» ለወጠው። ግሪክ «ስ»ን ጣለው። ቅድመ አያቱ በጽሑፍ የተገኘ ሳይሆን በስሌት የተመለሰ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ስትጽፉ ፊቱ ላይ ኮከብ ምልክት አድርጉ። ኮከቡ ካልተደረገ፣ ከወር በኋላ ደብተራችሁን ስትከፍቱ የታየውንና የተገመተውን መለየት ያቅታችኋል።

ደረጃ 4፦ ርባታውን ሙሉ ጻፉ

ያለ አቋራጭ አንድ ጊዜ በእጃችሁ ጻፉት። ቅደም ተከተሉ ወንድ፣ ሴት፣ ሦስተኛው ጾታ ነው።

ነጠላ፦
- ባለቤት፦ ፍሪጊዱስ፣ ፍሪጊዳ፣ ፍሪጊዱም
- ዘርፍ፦ ፍሪጊዲ፣ ፍሪጊዳይ፣ ፍሪጊዲ
- ተቀባይ («ለ»)፦ ፍሪጊዶ፣ ፍሪጊዳይ፣ ፍሪጊዶ
- ተሳቢ («ን»)፦ ፍሪጊዱም፣ ፍሪጊዳም፣ ፍሪጊዱም
- «በ» ወይም «ከ»፦ ፍሪጊዶ፣ ፍሪጊዳ (መጨረሻው ረጅም)፣ ፍሪጊዶ
- መጥሪያ፦ ፍሪጊዴ፣ ፍሪጊዳ፣ ፍሪጊዱም

ብዙ፦
- ባለቤትና መጥሪያ፦ ፍሪጊዲ፣ ፍሪጊዳይ፣ ፍሪጊዳ
- ዘርፍ፦ ፍሪጊዶሩም፣ ፍሪጊዳሩም፣ ፍሪጊዶሩም
- ተሳቢ፦ ፍሪጊዶስ፣ ፍሪጊዳስ፣ ፍሪጊዳ
- «ለ»፣ «በ» እና «ከ»፦ ለሦስቱም ፍሪጊዲስ

ለማወዳደር «ፍሪጊዲዮር» («ይበልጥ ቀዝቃዛ»)፣ «ከሁሉ በላይ ቀዝቃዛ» ለማለት «ፍሪጊዲሲሙስ»። ተውሳከ ግሱ «ፍሪጊዴ» ነው፤ መጨረሻው ረጅም በመሆኑ ከመጥሪያው ይለያል።

አሁን የተሳቢውን መስመር በቀለም ክበቡት። የላቲን ልጆች ስምና ቅጽልን በብዛት የወረሱት ከዚህ መስመር ነው። የስፓኒሹ ብዙ ቁጥር «ፍሪዮስ»፣ «ፍሪያስ» የሚለው የ«ፍሪጊዶስ»ና የ«ፍሪጊዳስ» ቀጥተኛ ወራሽ ነው። «ፍሪጊዱስ» ከሚለው ተነሥታችሁ ብትወርዱ መጨረሻው «ስ» የት ገባ እያላችሁ ትቸገራላችሁ።

ደረጃ 5፦ ልጆቹን ከነሴቶቻቸው ሰብስቡ

- ጣልያንኛ፦ ፍሬዶ፣ ፍሬዳ («ዶ» እና «ዳ» ይጠብቃሉ)
- ስፓኒሽ፦ ፍሪዮ፣ ፍሪያ
- ፖርቱጋልኛ፦ እንደ ስፓኒሹ ሁሉ በኦ እና በአ የሚያልቁ ወንድና ሴት
- ካታላንኛ፦ ፍሬት (ሲጻፍ በዲ ያልቃል)፣ ሴቷ ፍሬዳ
- ፈረንሳይኛ፦ ፍሯ፣ ፍሯድ

ፈረንሳይኛውን ልብ በሉ። ወንዱ «ፍሯ» ተብሎ ሲነበብ «ድ» የለም። ሴቷ «ፍሯድ» ስትባል «ድ» ብቅ ይላል። የላቲኗ «ፍሪጊዳ» መጨረሻዋ «አ» ስለነበር ለ«ድ» መጋረጃ ሆነው። ወንዱ ግን መጨረሻው አናባቢ ቶሎ ስለወደቀ «ድ» ጫፍ ላይ ተጋለጠና በኋላ ከአፍ ጠፋ። አንድ የፈረንሳይኛ ቅጽል ከየት እንደመጣ ግራ ከገባችሁ መጀመሪያ ሴቷን ጥሩ።

ደረጃ 6፦ ድምፁን አንድ በአንድ አውርዱ

የሥራው ልብ ይህ ነው፤ ብዙውን ሰዓታችሁን እዚህ አጥፉ። ደንቡ አንድ ነው፦ በአንድ መስመር ከአንድ ለውጥ በላይ አትጻፉ። ሁለት ለውጥ ባንዴ ከዘለላችሁ ስህተቱ የት እንደገባ አታገኙትም።

ጣልያንኛ፦
1. ፍሪጊዱም። መነሻችን ተሳቢው ነው።
2. ፍሪጊዱ። መጨረሻው «ም» ወደቀ።
3. ፍሪግዱ። መሃል ያለው ደካማ አናባቢ ተበላ።
4. ፍሬግዱ። «ኢ» ወደ «ኤ» ሄደ።
5. ፍሬዱ፣ «ዱ» ጠብቆ። «ግ» ከጎረቤቱ «ድ» ጋር ተመሳሰለና ጠበቀ።
6. ፍሬዶ። መጨረሻው «ኡ» «ኦ» ሆነ።

መስመር 3 ግምት ብቻ አይደለም። አፔንዲክስ ፕሮቢ የሚባል አንድ የጥንት ዝርዝር በእጅ ጽሑፍ ተርፎልናል። 227 ያህል ቃላትን «እንዲህ እንጂ እንዲያ አይደለም» እያለ ያርማል። ከነዚህ ውስጥ «ፍሪጊዳ እንጂ ፍሪክዳ አይደለም»፣ «ካሊዳ እንጂ ካልዳ አይደለም» የሚሉ አሉ። ሰው ስህተቱን ባይናገር ኖሮ ማንም አያርመውም ነበር። እንግዲህ መሃሉ አናባቢ በሕዝቡ አፍ በእውነት ተበልቶ ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን ዝርዝር ስከፍት ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የተቆጣ መምህር ሳያስበው ለእኛ ምስክር ሆኖ ቆመ።

መስመር 4 ላይ ቆም በሉ። ደረጃ 2 ላይ ረጅም «ኢ» አይለወጥም ብለናል። ታዲያ ለምን «ኤ» ሆነ? እንዲህ ያለ የማይገጥም ነገር ሲመጣ አትሸፋፍኑት፤ በቀይ ክበቡት። የተለመደው ማብራሪያ ይህ ነው፦ ጣልያንኛና ፈረንሳይኛን በወለደው ንግግር ውስጥ አናባቢው አጥሮ ነበር፤ ያሳጠረውም ጎረቤቱ «ሪጊዱስ» («የደረቀ፣ የተገተረ») ሳይሆን አይቀርም። ሪጊዱስ አጭር «ኢ» ነው ያለው። ብርድ ደግሞ ሰውን ያደርቀዋልና ሁለቱ ቃላት በአፍ አብረው ይሄዳሉ።

ስፓኒሽ ግን ረጅሙን ጠብቋል፦
1. ፍሪጊዱ።
2. ፍሪይዱ። «ግ» በሁለት አናባቢ መካከል፣ ከ«ኢ» ፊት ለስልሶ ቀለጠ።
3. ፍሪዱ። የቀለጠው ከአናባቢዎቹ ጋር ተዋጠ።
4. ፍሪዩ። በአናባቢዎች መካከል የቀረው «ድ» ወደቀ።
5. ፍሪዮ። መጨረሻው «ኡ» «ኦ» ሆነ።

ፈረንሳይኛ፦ እንደ ጣልያንኛው እስከ ፍሬግዱ ከወረደ በኋላ «ግ» ወደ «ይ» ተለወጠ። ከዚያ በጥንቱ ፈረንሳይኛ ወንዱ ፍሬይት፣ ሴቷ ፍሬይደ ሆኑ። ቀጥሎ «ኤይ» ወደ «ኦይ» ሄደ፦ ፍሮይት፣ ፍሮይደ። በመጨረሻ «ኦይ» «ዋ» ተብሎ መነበብ ጀመረ። አጻጻፉ እስከ ዛሬ ኦ እና አይ የያዘው ለዚህ ነው። በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ብዙ ጊዜ የቀደመውን ንባብ ይዞ ይቆያልና ፊደሉን ችላ አትበሉ።

ደረጃ 7፦ ሕጉን በሁለተኛ ቃል ፈትኑ

ለአንድ ቃል ብቻ የሚሠራ ሕግ ሕግ አይደለም። የጻፋችሁትን እያንዳንዱን ለውጥ በሌላ ቃል ካላገኛችሁት በእርሳስ ይቆይ።

- መሃል አናባቢ መበላት፦ ካሊዱስ በጣልያንኛ ካልዶ ሆኗል። ገጥሟል።
- የጣልያንኛ መመሳሰልና መጥበቅ፦ ኦክቶ («ስምንት») ኦቶ ሆኗል፤ ኖክቴም («ሌሊትን») ኖቴ ሆኗል። ሁለቱም ላይ «ት» ይጠብቃል። «ግድ» ወደጠበቀ «ድ» መሄዱ በዚሁ መንገድ ነው።
- የስፓኒሽ «ግ» መቅለጥ፦ ማጊስትሩም («መምህርን») ማኤስትሮ ሆኗል።
- የስፓኒሽ «ድ» መውደቅ፦ ሊምፒዱስ ሊምፒዮ («ንጹሕ»)፣ ቱርቢዱስ ቱርቢዮ («ድፍርስ»)፣ ቴፒዱስ ቲቢዮ («ለብ ያለ»)። ሦስቱም «ኢዱስ» ናቸው፤ ሦስቱም «ድ»ን ጥለዋል።
- የፈረንሳይኛ «ዋ»፦ ዲጊቱስ («ጣት») ዷ ሆኗል። አጭር «ኢ» እና «ግ» ነበሩት፤ መጨረሻው «ዋ» ነው።

ደረጃ 8፦ ጉዲፈቻዎቹን ለዩ

መዝገበ ቃላት ስታገላብጡ ሌላ ረድፍ ይመጣል፦ ጣልያንኛ ፍሪጂዶ፣ ስፓኒሽ ፍሪሂዶ፣ ፈረንሳይኛ ፍሪጂድ፣ እንግሊዝኛ ፍሪጂድ። እነዚህ ላቲኑን ይበልጥ ይመስላሉ። ጀማሪ ሁሉ «እውነተኛው ልጅ ይሄ ነው» ይላል። ነገሩ በተቃራኒው ነው።

ልጅ በየትውልዱ አፍ ለአፍ ሲተላለፍ ፊቱ ይለወጣል። ጉዲፈቻው ግን የተማሩ ሰዎች ከመጽሐፍ አንሥተው ያስገቡት ነው። እንግሊዝኛው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የገባ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ስላልተጓዘ መልኩ አልተጎዳም። መለያው እንግዲህ ይህ ነው፦ መሃል አናባቢው ካለ፣ «ግ»ም «ድ»ም በቦታቸው ካሉ፣ ጉዲፈቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጉዲፈቻዎቹ ትርጉማቸው ጠብቧል። በዛሬው ጣልያንኛና ፈረንሳይኛ ስለ ሴት ሲነገሩ ስለ አልጋ ስሜቷ የሚነገሩ አዋራጅ ቃላት ናቸው። ቡና ቀዘቀዘ ለማለት «ፍሬዶ» በሉ። «ፍሪጂዳ» የሚለውን ሰው ላይ አታውሉት።

ደረጃ 9፦ ፍሪጅን ቦታው ላይ አስቀምጡ

አሁን የተማሪዎቼን ጥያቄ እንመልስ። ደረጃ 3 ላይ «ፍሪጉስ፣ ፍሪጎሪስ» ብላችሁ የጻፋችሁትን ገጽ ክፈቱ። መንገዱ በዚያ ነው፦

1. ፍሪጉስ፣ የላቲን ስም፦ «ብርድ»።
2. ሬፍሪጌራሬ፣ ከዚያ ስም የወጣ ግስ፦ «ማቀዝቀዝ»።
3. ሪፍሪጀሬተር፣ እንግሊዝኛ ከዚያ ግስ የሠራው የዕቃ ስም።
4. ፍሪጅ፣ የእንግሊዝኛው ማሳጠሪያ።
5. ፍሪጅ፣ አማርኛችን ከእንግሊዝኛ የወሰደው።

ስለዚህ ፍሪጅ የፍሪጊዱስ ልጅ አይደለም፤ የወንድሙ ልጅ ነው። «ማቀዝቀዣ» ከ«ቀዝቃዛ» ሳይሆን ከ«አቀዘቀዘ» እንደወጣ ሁሉ። «ግ» ወደ «ጅ» የተለወጠውም መንገድ ላይ ነው፤ በሮም ዘመን «ግ» ጠንካራ ነበር፣ ከ«ኢ» እና ከ«ኤ» ፊት የለሰለሰው በኋላ ነው። ጣልያንኛው «ፍሪጎሪፌሮ» ላይ ግን «ጎር» ሳይነካ ተቀምጧል።

ከራሱ ከፍሪጊዱስ በቀጥታ የወጣ ዘመድም አለ። የሮማ መታጠቢያ ቤት ሦስት ክፍሎች ፍሪጊዳሪዩም (ቀዝቃዛው)፣ ቴፒዳሪዩም (ለብ ያለው)፣ ካልዳሪዩም (ሙቁ) ይባሉ ነበር። ፓሪስ መሃል በክሉኒ ሙዚየም ፍሪጊዳሪዩሙ እስከ ጣሪያው ቆሞ ይታያል። የሦስተኛውን ስም ደግማችሁ አንብቡት፦ «ካልዳሪዩም» እንጂ «ካሊዳሪዩም» አይደለም። መሃሉ አናባቢ እዚያም ተበልቷል። ፍሪጂዴር የተባለው የአሜሪካ ማቀዝቀዣ ስምም የተሠራው ከዚህ ዘር ነው። በፈረንሳይ የዕቃው መጠሪያ እስከመሆን ደርሶ ነበር፤ በሮማንያ ዛሬም ፍሪጅ «ፍሪጂዴር» ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ሞክሼን ዘመድ ማድረግ። አንዲት ተማሪዬ ለሥራ ጣልያን ሄዳ በመጀመሪያው ሳምንት ደወለችልኝ። የቧንቧው እጀታ ላይ «ሲ» የሚል ፊደል አይታ የእንግሊዝኛው «ኮልድ» መስሏት ከፈተች። ፍል ውሃ እጇን መታት። በጣልያን ቧንቧ «ሲ» ካልዶ ነው፤ «ሙቅ» ማለት። ቀዝቃዛው «ኤፍ» ነው። ፈረንሳይም ሁለቱ ፊደላት ያው ናቸው፦ ሾ (በሲ የሚጻፍ) ሙቅ፣ ፍሯ ቀዝቃዛ። «ካልዶ»ና «ኮልድ» ሞክሼ ናቸው፤ ዘራቸው አይገናኝም። «ኮልድ» የጀርመን ቋንቋዎች ዘር ነው። በላቲን በኩል የሚዛመደው «ጌሉ» («ውርጭ») ከሚለው ጋር ነው፤ ጄላቶም የዚያ ወገን ነው። የድምፅ ሕጉን ሳያዩ በመልክ ብቻ መፍረድ እጅ ያቃጥላል።

ሁለቱን ፍሪጌሬ ማደባለቅ። ላቲን ውስጥ «መጥበስ» ማለት የሆነ ሌላ ፍሪጌሬ አለ። ልዩነቱ «ጌ» ላይ ነው፦ የብርዱ ረጅም ነው፣ የጥብሱ አጭር ነው። ከጥብሱ ጣልያንኛ ፍሪጄሬ («መጥበስ»)፣ ፍሪቶ («የተጠበሰ») እና የእንግሊዝኛው ፍራይ ወጡ። መዝገበ ቃላት ስትፈልጉ ሁለቱም ተከታትለው ይመጣሉ። የርዝመት ምልክቱን ያላየ ሰው ድንች ጥብስን ከፍሪጅ ጋር ሲያዛምድ አግኝቼዋለሁ።

ሁሉም ቋንቋ ወርሷል ብሎ ማሰብ። ሮማንኛ ለ«ቀዝቃዛ» የሚለው «ሬቼ» ነው። የመጣው «ሬኬንስ» («ትኩስ፣ አዲስ») ከሚለው የላቲን ቅጽል ነው። ከኛ ቃል ዘመድ እዚያ የቀረው ስሙ ነው፦ «ፍሪግ»፣ «ብርድ»። የጎደለ ልጅ ስታጡ በግድ አትፍጠሩ፤ «የለም» ብላችሁ ጻፉና የተካውን ቃል አስቀምጡ።

ዘሩን እንደ አጠቃቀም መውሰድ። በረደኝ ለማለት «ሶኖ ፍሬዶ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ያ «እኔ ቀዝቃዛ ሰው ነኝ» ይሆናል። ጣልያንኛ «ኦ ፍሬዶ» ይላል፤ ቃል በቃል «ብርድ አለኝ»። ስፓኒሽና ፈረንሳይኛም «አለኝ» ነው የሚሉት።

ለልምምድ

መጀመሪያ ካሊዱስን ብቻችሁን ሥሩ። ጣልያንኛ ካልዶ፣ ፈረንሳይኛ ሾ፣ ሮማንኛ ካልድ ልጆች ሆነው መውጣት አለባቸው። ስፓኒሽ ላይ ተጠንቀቁ፦ «ካልዶ» እዚያ «መረቅ» ነው። ልጅ ነው፣ ግን ቅጽልነቱን ትቶ ድስት ውስጥ ገብቷል። «ካሊዶ» የሚለው ጉዲፈቻ ነው። «ካልየንቴ» ደግሞ ከወንድሙ ግስ የመጣ ነው።

ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የምንሰማቸውን ሁለት ቃላት ውሰዱ፦ ሲኒየርና ጁኒየር። ሁለቱም የላቲን ማወዳደሪያ ቅጽሎች ናቸው፤ «ይበልጥ የሸመገለ» እና «ይበልጥ ወጣት»። መነሻ ቅጽሎቻቸውን ፈልጉና እንደ ደረጃ 4 ርባታቸውን ሙሉ ጻፉ፤ መጨረሻዎቹ ግን ከፍሪጊዱስ ይለያሉ።

ሦስተኛው ማኪያቶ ነው። ጣልያንኛው «ማኪያቶ» «ነጠብጣብ ያረፈበት» ማለት ነው፤ የመጣውም ከላቲኑ «ማኩላቱስ» ነው። ግንዱ «ማኩላ»፣ ነጠብጣብ፣ ነው። መሃሉ «ኡ» የት እንደገባ፣ «ክል» የነበረው እንዴት «ኪ» ተብሎ እንደጠበቀ በአንድ መስመር አንድ ለውጥ እያላችሁ አውርዱት። ሲያልቅ ሕጉን «ኦኩሉስ» («ዓይን») ላይ ፈትኑት። የምታገኙት ቃል በጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ኦኪዮ» ተብሎ ከተጻፈው ጋር ከገጠመ በትክክል ሠርታችኋል።